ሁለተኛው ጆሮ፦ በራሱ የሚሠራ ድምፃዊ ዘፈኑን እንዴት ያድሳል?

ክቡራትና ክቡራን፤ ድምፃውያን፣ የግጥምና ዜማ ደራሲዎች፣ አቀናባሪዎች፣ እነሱን ብላችሁ የመጣችሁ ወዳጆችም፤ እንደምን አመሻችሁ! ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ከአሳታሚ ድርጅት ጋር የነበረው ውል አልቆ ወይም ፈርሶ አሁን በራሱ የሚሠራ ስንት ሰው አለ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አውርዱ። ሁለተኛው ጥያቄ እጅ ማውጣት አያስፈልገውም። ከወጣችሁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ስንት ዘፈን ጨረሳችሁ? ስንት ጀመራችሁ አላልኩም፤ ስንት ጨረሳችሁ ነው ያልኩት።

አንገታችሁን ያቀረቀራችሁ አላችሁ። አታፍሩ። ነገሩ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ደግሞ ስንፍና አይደለም።

ከአሳታሚ ጋር ሲሠራ ድምፃዊ አዘውትሮ የሚያማርርባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «እስከዚህ ቀን አስረክብ» የሚለው ቀነ ገደብ ነው። ሁለተኛው ዘፈኑን ሰምቶ «አዝማቹ አልያዘኝም» የሚለው ሰው ነው። ውሉ ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። መጀመሪያ እፎይ ያሰኛል። ሦስተኛው ወር ላይ ግን ስልክ ውስጥ አርባ ያላለቁ ቅጂዎች ተከማችተዋል፤ የትኛው እንደሚሻል የሚናገር የለም፣ መቼ ማለቅ እንዳለበት የሚጠይቅም የለም። ዛሬ ማታ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው። ድምፃዊ የሚታደሰው ቀነ ገደቡንና ሁለተኛውን ጆሮ በገዛ ምርጫው መልሶ ሲያቆማቸው ነው።

አሜሪካዊውን ድምፃዊ ፕሪንስን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1993 ስሙን በምልክት ቀየረ፤ ከአሳታሚ ድርጅቱ ጋር በነበረው ጠብ ጉንጩ ላይ «ባሪያ» ብሎ ጽፎ በአደባባይ ታየ። በ1996 ተለያዩ። ታዲያ ያ ሰው ነፃ በወጣ ማግስት ምን አደረገ? በዚያው ዓመት መጨረሻ «ኢማንሲፔሽን» የሚለውን ሥራ አወጣ፤ ሦስት ዲስክ፣ እያንዳንዱ 12 ዘፈን፣ እያንዳንዱ 60 ደቂቃ። ማን አዘዘው? ማንም። ለራሱ ልክ አበጀ! እርግጥ 36 ዘፈን በአንድ ጊዜ ማውጣት አድማጭን ያደክማል ብዬ አምናለሁ። ልኩን በራሱ እጅ ማበጀቱ ግን ልንወስደው የሚገባ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቼ ልግባ።

አንደኛው ነጥብ ወረቀት ነው። ስለ ፈጠራ ልንሰማ መጥተን ስለ ወረቀት ያወራል ትሉ ይሆናል። የትኛው ዘፈን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን ልቡ ተከፍሎ ነው የሚጽፈው። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት አለው። አንዱ ድርሰቱ ነው፣ ግጥሙና ዜማው ማለት ነው። ሌላው ቅጂው ነው፣ ማስተር የምንለው። ማስተሩ የአሳታሚው ሆኖ ድርሰቱ የእናንተ ሊሆን ይችላል፤ ተቃራኒውም ይገጥማል። ስለዚህ ውላችሁን አውጡና አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ። በአንደኛው ዓምድ የዘፈኑ ርዕስ፣ በሁለተኛው ግጥሙንና ዜማውን ማን ስንት በመቶ እንደጻፈ፣ በሦስተኛው ማስተሩ የማን እንደሆነ፣ በአራተኛው ደግሞ ዘፈኑን እንደገና መቅዳት የምትችሉበት ቀን ይግባ።

አራተኛው ዓምድ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አብዛኞቹ ውሎች ውስጥ ያንኑ ዘፈን እንደገና ቀድቶ ማውጣትን ለተወሰነ ጊዜ የሚከለክል አንቀጽ አለ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ዘፈኑ ከወጣ አምስት ዓመት ወይም ውሉ ካለቀ ሁለት ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው የሚል ነው፤ ከዚያ የሚረዝምም አለ። ይህን ሳያነብቡ የድሮ ዘፈናቸውን በጊታር ብቻ ቀድተው አውጥተው የሚከሰሱ አሉ። ሳይወጡ የቀሩትንም አትርሱ። በአሳታሚው ገንዘብ የተቀዳ ነገር ባይወጣም ቅጂው የእነሱ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ የቅጂ መብት የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ያንብበው።

ከዛሬ በኋላ ከሌላ ሰው ጋር ለምትጽፉት ደግሞ የድርሻ ወረቀቱን በዚያው ቀን፣ ከክፍሉ ሳትወጡ ተፈራረሙ። የሁሉም ድርሻ ተደምሮ ልክ 100 መሆን አለበት። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ የድርሻ ንግግር ወዳጅነት ያፈርሳል።

ሁለተኛው ነጥብ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ የመጣነውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስልካችሁ ውስጥ ያሉትን አርባ ቅጂዎች አጽዱ። አንድ ማታ፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። እያንዳንዱን ከ20 ሰከንድ በላይ አትስሙ። ከሦስቱ አንዱን ምልክት ስጡት፦ ይቀጥል፣ ለመለዋወጫ ይቀመጥ፣ ይቅር። እዚህ ላይ የሚበላሸው ምን መሰላችሁ? አምስተኛው ቅጂ ላይ ጥሩ ነገር ይገኝና ጊታር ይነሣል፤ የቀሩት 35ቱ ሳይሰሙ ይቀራሉ። ጊታሩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት! «ይቀጥል» ያላችሁት ከስድስት ከበለጠ እንደገና ቀንሱ። ከዚያ ወዲህ የምትቀዱትን ሁሉ በቀን፣ በቁልፍ (ዘፈኑ በተቃኘበት የድምፅ ከፍታ)፣ በፍጥነትና ዋናውን ሐሳብ በሚያስታውስ አንድ ቃል ሰይሙት። «አዲስ ቅጂ 212» የሚባል ፋይል ውስጥ ያለን ዜማ ማንም መልሶ አያገኘውም።

ቀጥሎ ቀነ ገደብ። ለአንድ ዘፈን ሁለት ሳምንት ስጡት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያለ ቃል ዜማውን ብቻ አንጎራጉሩ። ቀጥሎ አራት ቀን ግጥም ነው፤ በቀን 45 ደቂቃ፣ ሰዓት ሞልታችሁ፣ ሰዓቱ ሲጮህ መሃል ዓረፍተ ነገር ላይ ብትሆኑም ተነሡ። ነገ የምትቀጥሉበት ክር የሚተርፈው እንደዚያ ነው። ስምንተኛው ቀን ዕረፍት ነው። ከዘጠነኛው እስከ አስራ ሁለተኛው ማረም። አስራ ሦስተኛው ቀን በአንድ መሣሪያ፣ ሳታቋርጡ፣ በስልክ መቅዳት። አስራ አራተኛው ቀን ለሰው ማሰማት። ዘፈኑ ባያምርም ይለቅ። ስድስት ዘፈን ጨርሶ ሁለቱን የሚጥል ሰው አንዱን ዘፈን ለስድስት ወር ከሚያሽ ሰው ቀድሞ ይደርሳል።

ማረምንና መጻፍን በአንድ ቀን አታደባልቁ። ድርጅቱ ይሠራው የነበረውን ወቀሳ አሁን የገዛ ራሳችን ልባችን ወርሶታል፤ ገና ያልተወለደውን ስንኝ መመዘን ይጀምራል። ለመውቀስ ዘጠነኛው ቀን አለለት።

አሁን ስለ ገደብ። እጃችን የለመደውን ነገር እየደጋገመ ዘፈኖቻችን ሁሉ ወንድማማች መሰሉ እንበል። መፍትሔው ብዙ መሣሪያ መግዛት ነው? አይደለም፤ ያለውን መቀነስ ወይም ማዛባት ነው። ካናዳዊቷ ድምፃዊት ጆኒ ሚቼል በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እጇ ደክሞ ቀረ። የተለመዱት የጊታር ኮርዶች ለእጇ ስለከበዱ ክሮቹን በሌላ አቃኘቻቸው፤ በሕይወቷ ከሃምሳ በላይ ቅኝት ተጠቅማለች። ያ ሁሉ ለሌላ ሰው እንግዳ የሆነ ድምፅ ከእጅ ድካም ነው የተወለደው።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሄዳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የጊታራችሁን ስድስተኛ፣ ሁለተኛና አንደኛ ክር እያንዳንዳቸውን በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ይሆናል። ክሮቹ ስለሚላሉ አይበጠሱም፤ የሚያሰጋው ወደ ላይ ማክረር ነው። ጣቶቻችሁ የሚያውቁት ኮርድ ሁሉ ሌላ ድምፅ ያወጣል፤ እጅ መምራት ያቆምና ጆሮ ይመራል። ፒያኖ የምትጫወቱ ደግሞ ግራ እጃችሁን አንድ ድምፅ ላይ አስቀምጡና ዘፈኑ እስኪያልቅ አትንቀሳቀሱ። ለግጥምም ገደብ አለ፤ ለአንድ ወር «ፍቅር»፣ «ልቤ» እና «ዓይን» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። አንድ ወር ብቻ!

ይህ ገደብ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ስንኝ ላይ ላሳያችሁ። ለዚህ ምሽት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ልኩ የምናውቀው ስድስት ስድስት ቀለም፣ ወል ቤት ነው። የመጀመሪያው ንድፍ እንዲህ ይላል፦

ፍቅርሽ እንደ እሳት ልቤን አቃጠለው

ልኩ ሞልቷል፣ ለዜማ ይመቻል፣ ማንም ይረዳዋል። ከዚህ በፊት ያልሰማነው ምን አለበት? ምንም። ሰው ሲለይ ቤት ውስጥ በእርግጥ የሚሆነው ምንድን ነው? እጅ ምን ያደርጋል? እቃው የት ይቀመጣል? «ፍቅር» እና «ልቤ» ሲከለከሉ እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ እንገደዳለን። ሁለተኛው ንድፍ፦

ሁለት ኩባያ ነው ማታ ማታ ማጥበው፤
አንዱን ጠጣሁበት፣ ያን ለማን ላስበው?

ልኩ ያው ነው፤ ስድስት ስድስት። «እሳት» የለም፣ «ልብ» የለም። ማንም ያልጠጣበትን ኩባያ በየማታው የሚያጥብ ሰው ግን አለ፣ እናየዋለን። «የማጥበው» ማለት ሲገባ «ማጥበው» መባሉን ልብ በሉ። «የ» ከገባች አንድ ቀለም ተርፎ ዜማው ይደናቀፋል፤ ዘፈን ደግሞ ይህን ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ስንኝ ለድርጅት ስብሰባ ቢቀርብ «ኩባያ ምንድን ነው? ለሁሉም የሚሆን አድርገው» ሊባል ይችላል። አሁን እንዲህ የሚል የለም። ራሳችሁ ለራሳችሁ አትበሉት።

መጻፍን ሳልለቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁልፍ። ብዙ ዘፈን የሚበላሸው ጠረጴዛ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ተጽፎ በዚያው ቁልፍ ስለሚቀዳ ነው። የአዝማቹን ከፍተኛ ኖታ ፈልጉና ያንን ሐረግ አስር ጊዜ በሙሉ ድምፅ ዝፈኑት። አስረኛው ላይ ጉሮሮ ከተጨነቀ በግማሽ ድምፅ አውርዱት። አስረኛው ላይ እንደመጀመሪያው ከቀለለ ደግሞ ግማሽ ድምፅ ጨምሩ፤ ትንሽ መወጠር አለበት። በጊታር ካፖውን (አንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫነውን መቆንጠጫ) አንድ ቤት ማንቀሳቀስ ማለት ግማሽ ድምፅ ነው። ፍጥነቱንም እንዲሁ በደቂቃ አራት ምት ከፍ፣ አራት ምት ዝቅ አድርጋችሁ ሦስቱን ቅዱ፤ በማግስቱ ስሟቸው። ማታ ላይ ጥሩ የመሰለን ፍጥነት ጠዋት ሲሮጥ እንሰማዋለን።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ሁለተኛው ጆሮ።

የድርጅት ጆሮ የራሱ ዓላማ አለው፤ ከዘፈኑ ጋር የማይገጥም ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ኤይሚ ማን የጨረሰችው አልበም ለሬዲዮ የሚሆን ዘፈን የለበትም ተባለች። ቅጂዎቹን ገዝታ ወሰደች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሱፐርኢጎ በተባለ በራሷ አሳታሚ ድርጅት አወጣችው። እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ሬይም በ2021 አልበም እንዳላወጣ ተከልክያለሁ ብላ በአደባባይ ተናገረች፣ ከድርጅቷም ተለየች። በራሷ ያወጣችው፣ ከአራት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው ነጠላ ዜማ በ2023 መጀመሪያ በአገሯ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በ2024 በአንድ ምሽት ስድስት የብሪት ሽልማት ወሰደች።

ይህን ሰምተን «እንግዲያ ማንንም አልሰማም» ልንል ነው? አደራ! ጆሮውን ቀይሩት እንጂ አትጣሉት። ሁለት ሰው ምረጡ። አንዱ ሙዚቃ የሚያውቅ፣ ሌላው ግጥም የሚወድ ግን መሣሪያ የማይነካ ይሁን። የትዳር ጓደኛ አይሁን፤ በጣም ያፈቅሯችኋል፣ ወይም በጣም ያውቋችኋል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ዘፈን በላይ አታሰሙ። ከማሰማታችሁ በፊት ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ አትናገሩ። ካሰማችሁ በኋላ ደግሞ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? ይልቁን ሦስት ነገር ጠይቁ። የቱ ጋ ሐሳብህ ሸሸ? ሳታስብ የምታስታውሰው ስንኝ የቱ ነው? ዘፈኑ ስለምን ነው? ሁለቱም ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ሐሳባቸው ከሸሸ ያ ቦታ ታሟል፣ አክሙት። አንዱ ብቻ ካለ ስታርሙ ራሳችሁ ወስኑ። ለጊዜያቸው ክፈሏቸው፤ ካልቻላችሁ የእነሱን ሥራ በዚያው መጠን ስሙላቸው።

አራተኛው፣ ቀረፃ። እዚህ ላይ ባጭሩ አልፋለሁ። በቤት ስትቀዱ ክፍሉ ከማይኩ ይበልጣል። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ከኋላችሁ አድርጉ፤ አብዛኛው የድምፅ ማይክ ፊት ለፊቱን ነው የሚሰማው፣ ከጀርባችሁ ካለው ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በቀጥታ ይገባበታል። ከማይኩ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ራቁ፣ በመሃል የ«ፐ» እና የ«ጰ» ትንፋሽ የሚያጣራውን ወንፊት አድርጉ። በጣም ከቀረባችሁ ድምፁ ያለ አግባብ ይወፍራል። ቅጂው 24 ቢት ይሁን፣ ጮክ ያለው ቦታ ከዜሮ፣ ማለትም ከመቅጃው የመጨረሻ ልክ፣ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ዜሮ ከነካ ተሰንጥቋል፣ መጠገኛ የለውም። ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አራት ጊዜ ዝፈኑት፣ ከዚያ ብቻ ቁርጥራጭ አርሙ። ስሜቱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ወይም የሁለተኛው ቅጂ ውስጥ ነው፤ አስራ አምስተኛው ላይ የቀረው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን) ላይ ደግሞ ከባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ «ሦስት እርማት» ብላችሁ ተስማሙ። አስተያየታችሁን በአንድ ዝርዝር፣ በደቂቃና በሰከንድ ጻፉ፦ «1:12 ላይ ባስ ጊታሩ ድምፄን ሸፍኖታል»። «ትንሽ ሞቅ ይበል» ከተባለ ማንም ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ስትጨርሱ ዋናውን፣ ድምፅ የሌለበትን፣ ድምፅ ብቻ ያለበትንና መሣሪያዎቹ ተለያይተው የወጡበትን ተቀበሉ። ሦስት ቅጂ አድርጉ፣ አንዱን ከቤት ውጭ አስቀምጡ። ማስተሩ የእናንተ ነው ማለት የመጠበቁም ዕዳ የእናንተ ነው ማለት ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ማውጣት። ሁለተኛው ቀነ ገደብ ይህ ነው። ዘፈኑን ለማድመጫ መተግበሪያዎች ለሚያደርሰው አከፋፋይ ከሚወጣበት ቀን ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ። ስፖቲፋይ ላይ ዘፈኑን ለአጫዋች ዝርዝር አዘጋጆቹ ከመውጣቱ ቢያንስ ሰባት ቀን በፊት አቅርቡ፤ ከወጣ በኋላ ማቅረብ አይቻልም። የሽፋን ሥዕሉ 3000 በ3000 ፒክሰል ይሁን፣ የድረ ገጽ አድራሻ አይጻፍበት፤ በዚህ ምክንያት ሥራው ይመለስና የሚለቀቅበት ቀን ያልፋል። ማስተሩ ላይ ጩኸት አትወዳደሩ፤ ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ ዘፈኑን ከዜሮ በታች ወደ 14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው) ያወርደዋል፤ ጨፍልቃችሁ ያጮኻችሁት ወርዶ የተጨፈለቀው ብቻ ይቀራል።

እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። አከፋፋይ ስትቀይሩ ማስተሩ የእናንተ ከሆነ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ ከሰጣችሁት የተደመጠበት ቁጥር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። የድሮውን ከማውረዳችሁ በፊት አዲሱ መውጣቱን አረጋግጡ። እንደገና ለተዘፈነ ግን አዲስ መለያ ግዴታ ነው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ ልናገር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ ላይ በ12 ወር 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ቅጂ የቅጂ ክፍያ አያገኝም። ስለዚህ አልበማችሁን በአጫጭር መግቢያዎችና መሸጋገሪያዎች አትበጣጥሱት፤ ከዘፈኑ ጋር አያይዟቸው። መደመጡ የሚቆጠረው ከ30 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ አዝማቹን ለማስቀደም የሚጣደፉ አሉ። አትጣደፉ። የኩባያው ዘፈን ኩባያው እስኪታጠብ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዝግ ብሎ የሚጀምር ዘፈን ይጻፍ ብላችሁ ከድርጅት የወጣችሁ ሰዎች ናችሁ። የሚያዋጣችሁ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ የሚሰማ፣ ስሙንና አድራሻውን የሰጣችሁ ሰው ነው። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት አኒ ዲፍራንኮ እ.ኤ.አ. በ1990 የራሷን አሳታሚ ድርጅት ስትጀምር ካሴቷን የምትሸጠው በየመድረኩ በእጇ ነበር። በየመድረኩ መጨረሻ አንድ መዝገብ በር ላይ አኑሩ፣ ስማቸውን በፈቃዳቸው ይጻፉ፤ አዲስ ዘፈን ሲወጣ ለእነሱ ከሁሉ በፊት ላኩላቸው።

የድርሻ ወረቀቱና የአራቱ ዓምዶች ሠንጠረዥ ናሙና በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አንዳንድ ውሰዱ። የአስራ አራቱ ቀን ሰሌዳ ከጀርባው ታትሟል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የነገን ቀን ከዚህ ሳትወጡ ጻፉበት። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ መሃል መተላለፊያው ላይ ነው፤ ስለ ውል የሚጠይቅ ካለ ከእሱ እንጀምር። አመሰግናለሁ።